በድምፅ ብልጫ ያልተሰነጠቀው ዘንግ

ኦላና ሮሪሳን የማያውቅ የአቃቂ ሰው ቢኖር ወይ ትናንት ኮንዶሚኒየም ደርሶት የመጣ ነው፣ ወይ ልጅ ሆኖ አያውቅም። ከድሮው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጠገብ ባለው የሠራተኞች መዝናኛ ክበብ ውስጥ ሽክርክሪቷን ይዞ የኖረ ሰው ነው። መሀል ላይ አንድ ወፍራም የብረት ዘንግ፣ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ክፈፍ፣ ከክፈፉ በሰንሰለት የተንጠለጠሉ አሥራ ሁለት ወንበሮች። ሞተሩ ሲነሳ ወንበሮቹ ከመሬት ይነሱና ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ልጆቹም ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮሃሉ። ይኸው ነው፣ ሌላ ነገር የላትም። ከሳሪስ ወዲህ ግን እሷን የሚያህል ነገር አልነበረም።

አባቱ ሮሪሳ ፋብሪካው የቆመበትን መሬት ጤፍ ሲዘሩበት የኖሩ ገበሬ ነበሩ። መሬቱ ሲሄድ ልጃቸው እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ግራሶ ቀቢ ሆኖ ተቀጠረ። ጓደኞቹ «በአባትህ ማሳ ላይ ደሞዝተኛ ሆንክ» እያሉ ሲተርቡት «ታዲያ ከርስቴ ወዴት ልሂድላችሁ» ይላቸው ነበር። በደርግ ጊዜ የፋብሪካው መካኒኮችና የምድር ባቡር ጋራዥ ሰዎች በትርፍ ሰዓታቸው ተባብረው ሽክርክሪቷን ለሠራተኛው ልጆች ሠሯት። ዘንጓን የሠሩላት ከተጣለ የጭነት ፉርጎ አክሰል ነው። በ1974 ዓ.ም. ኦላና እንዲይዛት ሲመደብ፣ አሻግሬ የሚባል ሽማግሌ የባቡር መካኒክ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አንድ ነገር አስተማረው። ዘንጉን ነጭ ጋዝ ትቀባለህ፣ አድርቀህ ትወለውለዋለህ፣ ከዚያ የተፈጨ ጠመኔ ትነሰንስበታለህ። ብረቱ ከተሰነጠቀ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔውን ያረጥበዋል።

ኦላና ይህን በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ሳያጓድል አደረገ። ሠርግ ቢሆን፣ ለቅሶ ቢሆን፣ መንግሥት ቢለወጥ፤ የ83ቱ ግርግር እንኳ ቅዳሜውን አላስቀረበትም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

በ2004 ግን አንድ ቅዳሜ ዘንጉ ከሚዞርበት ከታችኛው ኩሽኔታ በላይ ፀጉር የመሰለ እርጥብ መስመር ወጣች። ጠርጎ ደገመው፤ ወጣች። ሠለሰው፤ ያችው ናት። ሞተሩን አጠፋ፣ ሞተሩ ዘንጉን የሚያዞርበትን ቺንጋ ፈትቶ ቤቱ ወሰደ፣ በሩ ላይ ሰንሰለት አሰረ። ከዚያ አዲስ ዘንግ ይቀረጽልኝ ብሎ ማመልከቻ ጻፈ። «በሚቀጥለው በጀት ይታያል» ተባለ። ደግሞ ጻፈ። አሁንም ይታያል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሲታይ ሽክርክሪቷ ቆማ ዝናብ ጠገበች፣ ወንበሮቿ ላይ ርግብ ሰፈረ። እና ልብ በሉልኝ፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ «ምነው ቆመች?» ብሎ የጠየቀ አንድ ነፍስ የለም። አንድ!

በ2006 የክበቡ ሥራ አስኪያጅ አቶ ተስፋሚካኤል ማስታወቂያ ለጠፉ። ሽክርክሪቷ ተነስታ በምትኩ ከውጭ የመጣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የዘንዶ ባቡርና በአየር የሚነፋ የላስቲክ ቤት ይተከላል። ያኔ ነው ጉዱ የፈላው! ወዳጇ ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ፌስቡክ ላይ «የሽክርክሪቷ ልጆች» የሚል ገጽ ተከፈተና በሳምንቱ አራት ሺህ ሰው ገባበት። የከፈተው ዘአማኑኤል የሚባል፣ በባቡር ሠራተኞች ሰፈር አድጎ አሁን ሳሪስ ላይ የሴራሚክ ሱቅ ያለው ሰው ነው። «ልጅነታችንን አትንቀሉብን!» ብሎ ጻፈ። ወዳጄ፣ ልጅነትህ ላይ ርግብ ሲኮሳ የት ነበርክ?

የኦላና ሚስት አደሴ ሳሪስ አቦ ገበያ አትክልት ትሸጣለች፤ ጎን ያለችው ነጋዴ ከስልኳ የምታነብላትን እየሰማች ማታ ማታ ታወራለታለች። ግማሹ ቅርስ ናት አትነካ ይላል። ግማሹ የአያቶቻችንን ቆርቆሮ ተሸክመን እስከ መቼ፣ የእኛ ልጆች ዘንዶ አይገባቸውም ወይ ይላል። አንደኛው ወገን ሌላውን «የልማት አደናቃፊ» ይለዋል፤ ያኛው «ታሪክ የሌለው» ብሎ ይመልስለታል። ሦስት ቀን ሙሉ ደግሞ የተጣሉት ወንበሮቹ ድሮ ቀይ ነበሩ ወይስ አረንጓዴ በሚል ነው፤ በእናት እስከ መሰዳደብ ደርሰዋል።

«አረንጓዴም ቀይም አልነበሩም» አለ ኦላና፣ «የፋብሪካ ግራጫ ቀለም ነው የነበረን። ስለ ዘንጉ የጻፈ የለም?»

«ስለ ዘንግ የሚባል ነገር አልሰማሁም» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት በክበቡ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። እንደ ዘመኑ ወግ ነው፤ ከፊት ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ አበባ፣ ለእያንዳንዱ ተሰብሳቢ የታሸገ ውሃ፣ ቃለ ጉባኤ ያዥ። አቶ ተስፋሚካኤል መድረኩን ይመራሉ። እድላዊት የምትባል ወይዘሮ ተነስታ አባቷ ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ ሽክርክሪቷ ያመጧት እንደነበር ስትናገር አለቀሰች፤ አዳራሹም አብሯት አለቀሰ። ከክበቡ የአራት ደቂቃ መንገድ ላይ ነው የምትኖረው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ተፋጩ፣ መጨረሻ ላይም ታረቁ። እርቁ ይህ ነው፦ ሽክርክሪቷ ትነሳ፣ ዘንዶውም ይግባ፤ ግን እሑድ ከመነሳቷ በፊት የድሮዎቹ ልጆች ከነልጆቻቸው ተሳፍረው አንድ የስንብት ዙር ይዙሩ፣ በቪዲዮም ይቀረጽ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

ኦላና እጁን አወጣ። አላዩትም። ተነስቶ ቆመ። «ዘንጉ ተሰንጥቋል» አለ። «ሰው አይጫንባትም። ጠመኔው ነግሮኛል።»

«ጠመኔ?» አለ አንዱ ከኋላ፣ ሳቅም ሆነ።

ዘአማኑኤል ዞር ብሎ በጣም በትሕትና «ጋሽ ኦላና፣ እርስዎ አባታችን ነዎት፣ እናከብርዎታለን» አለ። «ግን እስከ ዛሬ ማንም አልወደቀባትም። አስተዳደሩ እንዲህ በሉ ብሎዎት ከሆነ በግልጽ ይንገሩን።»

አቶ ተስፋሚካኤል በበኩላቸው ተቆጡ። «አቶ ኦላና፣ መግባባት ላይ የደረሰን ቤት አይበጥብጡ። የሐሳብ ልዩነት ካለ ዲሞክራሲያዊ አሠራር አለን።» ቃለ ጉባኤ ያዡን «መዝግብ» አሉትና ወደ ቤቱ ዞሩ። «ዘንጉ ተሰንጥቋል የምትሉ እጃችሁን አውጡ።»

አንድ እጅ ወጣ። የኦላና።

«አልተሰነጠቀም የምትሉ?»

እጅ በእጅ ሆነ። እድላዊት ሁለቱንም አወጣች።

«ድምፀ ተአቅቦ?»

ሁለት። አንዷ ሻይ የምታቀርበዋ አሰለፈች ናት፤ ሌላው የሜካኒካል መሐንዲስ ነኝ ብሎ ራሱን ያስተዋወቀ ሰው። መሐንዲስ እኮ ነው! ነጭ ጋዝና ጠመኔው አሥር እርምጃ ላይ እያለ፣ ወጥቶ በዓይኑ ማየት ሲችል፣ ተአቅቦ! ኦላና የበሰበሰ እንቁላል የነካ ይመስል መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። ቃለ ጉባኤውም «ዘንጉ አለመሰንጠቁ በድምፅ ብልጫ ጸድቋል» ተብሎ ተፈረመ፣ ማኅተምም አረፈበት።

ቤት ሲገባ ለአደሴ ነገራት። «ተዋቸው» አለችው። «ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ። ወስነዋል፣ ፈርመዋል። አንተ ምን አገባህ?»

«ልጆች ይዘው ነው የሚመጡት።»

 አደሴ ተነሳችና ከጓዳ ድንች የሚመጣበትን ባዶ ማዳበሪያ ሁሉ ሰብስባ ፊቱ ከመረችለት።

እሑድ ማለዳ ኦላና በጋሪ አሸዋ አስመጥቶ አሥራ ሁለት ማዳበሪያ ሞላ፤ እያንዳንዱ አንድ ጎልማሳ ሰው የሚመዝን። ሰዎቹ በአራት ሰዓት ደረሱ። የሽክርክሪቷ ምስል የታተመበት አንድ ዓይነት ካኔቴራ ለብሰዋል፣ ካሜራ ቀጥረዋል፣ ኬክ አሠርተዋል። አቶ ተስፋሚካኤል ንግግር ጀመሩ። ዘአማኑኤል ንግግሩን አልጠበቀም፤ የስድስት ዓመት ልጁን ሊዲያን ሰባተኛዋ ወንበር ላይ አስቀምጦ ፎቶ ያነሳታል። «ፈገግ በይ! በይ እጅሽን አውለብልቢ!»

ኦላና ሄዶ ልጅቷን ብድግ አደረጋትና ከአጥሩ ውጭ አቆማት። እሷም ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«ጋሼ ምን ነካዎት?» አለ ዘአማኑኤል። «በስብሰባ የተወሰነ ነገር እኮ ነው!»

«ቺንጋው እኔ ጋ ነው» አለ ኦላና፣ ብብቱ ስር የያዘውን እያሳየ። «ያለ ቺንጋ አትዞርም። መጀመሪያ አሸዋው ይሳፈራል። አሸዋው በሰላም ከወረደ እናንተ ትሳፈራላችሁ፣ እኔም ከሁላችሁ ፊት እሳፈራለሁ። እግራችሁን ስሜ ይቅርታ እጠይቃችኋለሁ።»

ተሳሳቁ። ሽማግሌው ጃጅቷል ተባባሉ። ካሜራ ያዡም «ይሁን፣ ለቪዲዮው ያምራል» አለ። ኦላና ማዳበሪያዎቹን በየወንበሩ አሰራቸው። ሰውን ሁሉ እየገፋ ከአጥሩ ወዲያ አወጣ፤ አቶ ተስፋሚካኤልን በክንዳቸው ይዞ ነው ያወጣቸው። ቺንጋውን ከተተ፣ ሞተሩን አስነሳ፣ ራሱም ከቲኬት መሸጫው ግንብ ጀርባ ቆመ።

አንድ ዙር። ሁለት። ወንበሮቹ እየተከፈቱ ሄዱ። ሰዉ ማጨብጨብ ጀመረ። እድላዊት «አይ ጋሼ፣ አላልንዎትም?» ብላ ጮኸች። በአምስተኛው ዙር ዘንጉ ከታችኛው ኩሽኔታ በላይ ጓ አለና ተቆረጠ። ክፈፉ ተዘንብሎ መሬት ሲያርስ ሰንሰለት በሰንሰለት ሆነ፣ ማዳበሪያዎቹ ፈነዱ፣ ግቢው በአሸዋ ጉም ተሸፈነ። አንዷ ወንበር ከነሰንሰለቷ ተፈትልካ የመጸዳጃ ቤቱን ግድግዳ መታች።

አንድም ሰው አልተጫረም። ጭብጨባው ተቋረጠ። ኦላና በሠላሳ ሁለት ዓመት ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነላቸው፤ አሁን እርስ በርሳቸው ይተቃቀፋሉ፣ ልጆቻቸውን ይቆጥራሉ ብሎ አሰበ።

«አሻጥር ነው!» አለ አንድ ድምፅ። «ሆን ብሎ ነው! አሸዋ ከሰው ይከብዳል!»

«ልጅነቴን ገደሉብኝ» አለች እድላዊት፣ ኬኩ አጠገብ ቁጭ ብላ። አቶ ተስፋሚካኤል አሸዋ መጫን በስብሰባው እንዳልተወሰነ፣ ኃላፊነቱም የግለሰቡ እንደሆነ ለካሜራው እያስረዱ ነው። መሐንዲሱ ልብሱ ላይ ያረፈውን አሸዋ ያራግፋል።

 ኦላና ዘአማኑኤልን ብቻ በጣቱ ጠራው። «ከግድግዳው ሥር ያለችውን ወንበር ሂድና እያት። ሰባተኛዋ ናት።»

ዘአማኑኤል ሄደ። ወንበሯ የተረገጠ ጣሳ ሆናለች። የመታችበት ብሎኬት ተቦድሶ ውስጡ ይታያል። ጎንበስ ብሎ አያት፣ አንስቶ አገላበጣት፣ አሸዋዋን በመዳፉ ጠረገላት። ኦላና ጠበቀ። አሁን ይገባዋል አለ በልቡ። ዘአማኑኤል ቀና ሲል እውነትም ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ጋሼ» አለ፣ «ይቺን ለማስታወሻ ብወስዳት ቅር ይልዎታል?»

ኦላና እንትፍ አለ። ምራቁ ሰውዬው ጫማ አጠገብ አረፈ።

«መጀመሪያ ልጅህን ውሰድ» አለው።

ሊዲያ ከአጥሩ ወዲያ ብቻዋን ቆማ እያለቀሰች ነበር። አባቷ ወንበሯን ሳያስቀምጥ ወደ እሷ ሄደ።