የማርዶ ስርጉድ

ማርዶ ቀናተኛ ነው፤ ግን ቢሞት አይናገርም። ኢንቨርነስ ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው። ያኔ ሚስቱ ኢሽቤል ተሳፍራ አጠገቧ ወንድ ከተቀመጠ ማርሹ መንገጫገጭ ይጀምራል። ተሳፋሪው ሁሉ ነገሩ ገብቶት በሆዱ ይስቃል፤ ኢሽቤል ብቻ “ይሄን መኪና ለምን አያሠሩልህም?” ትለው ነበር።

ጡረታ ሲወጣ መኝታ ያላት አሮጌ መኪና ገዝተው አገሩን ሊዞሩ ተነሱ። በሦስተኛው ቀን ኢሽቤል ድንገት፣

“ታርቪን አይተን እንለፍ” አለች።

ማርሹ ተንገጫገጨ። ታርቪ እኮ ማርዶ በወጣትነቱ የሠራበት ውስኪ ፋብሪካ ነው፤ እዚያ ደግሞ ላክላን አለ። በመንደሩ ጭፈራ ኢሽቤልን ሲያሽከረክራት ያመሽ የነበረው፣ ያ መለሎ ላክላን! ማርዶ አግብቷት ወደ ከተማ ይዟት ገባ፤ ግን “እሱን ባገባ ኖሮ ብለሽ ታውቂያለሽ?” የምትል ጥያቄ ጉሮሮው ላይ እንደተሰነቀረች አርጅታለች። መልሱን ፈርቶ ጠይቋት አያውቅም።

ሲደርሱ ላክላን በር ላይ ቆሞ እንግዳ ይቀበላል። ደግሞ ፀጉሩ! አንድም አልረገፈም። ማርዶ ኮፍያውን ወደ ታች ሳብ አደረገ።

“ኢሽቤል! አንቺ ልጅ፣ እርጅና የሚባል ነገር በደጅሽም አላለፈም?” ብሎ ጉንጯን ሳማት። “ማርዶ፣ አንተስ? አለህ?”

“አለሁ።”

ላክላን ለኢሽቤል በብርጭቆ ቀዳላት። ለማርዶ ትንሽ ጠርሙስ ሰጠው። “ሾፌር ነህ አይደል? የፋብሪካው ወግ ነው፤ ያንተን ማታ ማረፊያህ ስትደርስ ትቀምሳለህ።” ኢሽቤል ብርጭቆውን አፍንጫዋ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ማርዶ በጎን አያት። እሱ ሻይ ሲያፈላላት ዓይኗን ጨፍና ታውቃለች?

እንግዶቹ ውስኪው ወደሚወጣበት ትልቅ የመዳብ ጋን ተጠጉ።

“ይሄ አዲስ ነው” አለ ላክላን። “አሮጌው ሳስቶ አለቀ። ግን አንጥረኞቹ የአሮጌውን ጠባሳ አንድ ሳያስቀሩ እዚህኛው ላይ ደግመውታል። ጣዕሙ እንዳይለወጥ ብለን እኛ እንዲህ ነን፤ ጭረት እንኳ አንተውም። ይቺን ስርጉድ ታያላችሁ? ማር ማር የሚለው ከእሷ ነው የሚሉ አሉ። አሮጌው ላይ እኔ ነኝ የሠራኋት፤ በወጣትነቴ መዶሻ አምልጦኝ።”

ሰው ሳቀ፣ ፎቶ አነሳ። ኢሽቤልም ሳቀች። ማርዶ ፀጉሩን ችሏል፣ መሳሙንም ችሏል። ይቺን ግን አልቻለም።

“ውሸታም! የኔ ናት!”

“ምኗ?” አለች ኢሽቤል ደንግጣ።

“ስርጉዷ! አናቱን ልለው መዶሻ ወርውሬ ስቼው ነው! ሌሊቱን ሙሉ ካንቺ ጋር ሲጨፍር አድሮ!”

ቀይ ባርኔጣ ያደረገች አንዲት እንግዳ “ለሴት ብለህ? ወይ መታደል!” ብላ ትከሻውን ነካችው።

ላክላን ግን አልተቆጣም። “መች አጣሁት” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አለቆቹ ማነው ሲሉ እኔ ነኝ ያልኩት እኮ፣ ሠርጋችሁ ደርሶ ነበር። ቢያባርሩህስ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ያው ለምዶብኝ ቀረ።”

ማርዶ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ጭራሽ በደግነትም በለጠው!

መኪናው ጋ ሲደርሱ ማርዶ ከዚህ በላይ ምን ይመጣል ብሎ፣

“እውነቱን ንገሪኝ” አላት። “እሱን ባገባ ኖሮ ብለሽ ታውቂያለሽ?”

“ብያለሁ” አለች።

ማርዶ የመኪናውን በር ያዘ።

“ከእሱ ጋር ስጨፍር አንተ ግድግዳ ተደግፈህ ቢራህን ትጠጣ ነበር። አንድ ቀን ‘ነይ’ አላልከኝም። ማርዶ ያገባኝ እሺ ስላልኩት ነው እንጂ ፈልጎኝ አይደለም እያልኩ ነው የኖርኩት፣ አንተ ሰውዬ! መዶሻ ወርውረህ ነበር?”

“ሳትኩት እንጂ።”

“እና ለእኔ መንገር ምን ነበረበት?” ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቋ አመለጣት። “ላክላን ደግ ሰው ነው። ግን ለእኔ ብሎ ጠጠር እንኳ አልወረወረም። በል ቁልፉን አምጣ።”

“ጠጥተሻል እኮ!”

“አሸተትኩ እንጂ መች ጠጣሁ? ዛሬ እንኳ እሱ ይጠጣ፣ እኔ እነዳለሁ ብዬ ነው ያመጣሁህ።”

ማርዶ ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦበት በማያውቀው የጎን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጠርሙሷን ከፍቶ አንዴ ጎንጨት አለ።

“እህስ? ምን ምን ይላል?”

“ማር ማር” አለ፣ ላክላን እውነቱን መሆኑ እያናደደው።

መንገድ ገቡ። ትንሽ እንደሄዱ ማርሹ ክፉኛ ተንገጫገጨ።

“ምነው ኢሽቤል?”

“ምንም” አለች መንገዱን እያየች። “ያቺ ባለ ቀይ ባርኔጣ ግን ትከሻህን ይዛ ምን ነበር ያለችህ?”