ከቀርከሃዋ ወዲያ

ከግራ ጀምሮ፦ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ ነጭ ጋወን ለብሳ። ከእሷ ቀጥሎ አራት የልምድ አዋላጆች። በቀኝ ጫፍ፣ ከማንጎው ቅርንጫፍ ሥር፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት አምስተኛዋ አዋላጅ፤ እማማ እላቸው ነበር። ፊት ለፊታቸው የፊዚክስ መምህሩ ካሜራውን ይዞ፣ ጀርባው ከግድግዳ ሊገጥም ምንም አልቀረው። ከጎኑ እኔ ከነደብተሬ። ከኋላዬ የእማማ ልጅ በባዶ እግሯ ቆማለች፤ ጫማዋን እናቷ ለፎቶው አድርገውታል።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ የምንሠራ ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞች የፎቶግራፍ ማኅበር አቋቁመን፣ በእረፍት ቀናችን ያለ ክፍያ እየዞርን ሰው እናነሳ ነበር። የዚያን ቀን የሄድነው ሸርቆሌ ነው። እኔ መዝገብ ቤት ስለምሠራ፣ ሰው ማሰለፍና ማን የት እንደቆመ መጻፍ የእኔ ድርሻ ሆነ። መምህሩ በካሜራው አይቶ ሲነግረኝ፣ በሰልፉ ግራና ቀኝ ጫፍ መሬት ላይ አጫጭር ቀርከሃ አጋድማለሁ። ከቀርከሃዋ ወዲያ የቆመ ሰው ፎቶው ውስጥ አይገባም። ይህንን ለሁሉም ነግሬያቸዋለሁ።

"ፊልሙ ላይ የቀረችው አንዲት ፎቶ ናት፤ እንዳትነቃነቁ!" አለ መምህሩ።

"አንተን እኔ ባዋልድህ እንዲህ አትጮህም ነበር" አሉት እማማ። ነርሷ ሳይቀር ሳቀች።

በዚህ መሐል መኪና ቆመና ከአሶሳ የመጡ አንድ ኃላፊ ወረዱ። በቀጥታ መጥተው ከሰልፉ መሐል ቆሙ። እሳቸውን ተጠግቶ ለመቆም የደፈረ አልነበረም፤ ግራና ቀኛቸው ባዶ ቀረ፣ ሰልፉም ወደ ቀኝ ተገፋ። "ተጠጉ" ማለት አፈርኩ። መምህሩ ቀና ብሎ አየኝ። ወደ ኋላ እንዳይሄድ ግድግዳው አለ።

ወደ እማማ ሄድኩ። "እማማ፣ እስቲ ትንሽ ወደዚያ ፈቀቅ ይበሉ።"

"ከእንጨቱ አወጣሽኝ እኮ" አሉኝ።

ቀርከሃዋን በእግሬ ገፋሁና ከእሳቸው ወዲያ አሳለፍኳት። "አሁን ገቡ" አልኳቸው። ከራስ እስከ እግር የተጠቀለሉበትን ቶብ አስተካክለው ወደ ካሜራው ዞሩ።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ እስኪመጣ ከሁለት ወር በላይ ፈጀ። ገና ሳይመጣ እማማ በወባ ሞቱ። ነርሷ በሚኒባስ ሹፌር ላከችብኝ፤ ልጅቷ ፎቶውን እየጠየቀች ነው፣ ሌላ የእናቷ ፎቶ የላትም።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አቃተኝ። አንዱን መዝገብ ሳልጨርስ ሌላውን አወርዳለሁ። ፖስታ በሚመጣበት ቀን ከቢሮ እየወጣሁ እመለሳለሁ። አልመጣም ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ ወዲያው ደግሞ በመዘግየቱ እናደዳለሁ።

"እዪ፣ ኃላፊው እንዴት አምረው ወጥተዋል!" አለኝ መምህሩ ፎቶውን ያመጣ ቀን። እኔ ያየሁት ቀኝ ጫፉን ነው። የቶብ ጠርዝና አንድ ጫማ ብቻ።

"ሌላ ማሳጠብ አይቻልም?" አልኩት።

"ካሜራው ያላየው ከየት ይመጣል?" አለና ጠጋ ብሎ ተመለከተ። "ቀርከሃዋ የት ነበረች?"

ፎቶውን ተቀብዬ ደብተሬ ውስጥ አስገባሁት።

ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ወደ ሸርቆሌ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ቦርሳዬን ስከፍትና ስዘጋ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት "ምን ጠፋብሽ?" አለችኝ።

ልጅቷ ከአጥሩ በር ላይ ተቀበለችኝ። ያንኑ ጫማ አድርጋለች። እጇን በልብሷ ጠርጋ ፎቶውን በሁለት እጇ ያዘች፤ ከግራ ጀምራ በጣቷ እያሳየች በተሰባበረ አማርኛ መቁጠር ጀመረች።

"ይሄ ነርስ። ይሄ ትልቁ ሰውዬ።" ጣቷ ጫፉ ላይ ደርሶ ቆመ። "እናቴ የታለ?"

ጫማውን አሳየኋት። ጎንበስ ብላ ፎቶውን፣ ከዚያ እግሯን አየች።

"ይሄ ጫማ የኔ ነው" አለች። "እናቴ እንጨት ውስጥ ነበር እኮ። እኔ አየሁ።"

"እንጨቱን ያራቅሁት እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ለኃላፊው ቦታ ጠበበ።"

ፎቶውን ዘረጋችልኝ። "እንግዲህ ለትልቁ ሰውዬ ስጪ" አለች።

ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሚኒባሱ ሳይመለስ ለመድረስ ወደ መንገዱ ሄድኩ።