በታኅሣሥ የመጣ ጎርፍ

በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ደባርቅ ሳይበርድ ገባ። በጋቢ ተጠቅልለን በምንወጣበት ሰዓት በሸሚዝ ብቻ እንወጣ ነበር። ማለዳ ሣሩን የሚያለብሰው አመዳይ አልታየም። ሰዉ ግን “ዘንድሮስ ብርዱ ማረን” እያለ ደስ ብሎት ነበር።

አንድ ምሽት ሬዲዮው ሙቀቱ ገና እንደሚቀጥል፣ በስሜን ተራሮችና በአካባቢያቸው ነጎድጓድ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ እንደሚጥል፣ ወንዝ ዳር ያሉም ከጎርፍ እንዲጠነቀቁ ተናገረ። ወዲያው ዳባት ገጠር ወደምትኖረው አክስቴ ደወልኩ። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

“እማ፣ ገብሱ ተወቃ?”

“የት ተወቅቶ፤ አውድማው ላይ እንደተከመረ ነው። ምነው?”

የሰማሁትን ነገርኳት።

“በታኅሣሥ ጎርፍ አይቼ አላውቅም። ግን አንተ ካልክ እናነሣዋለን” አለችኝ።

በማግሥቱ በሚኒባስ ሄድኩ። አውድማው ወንዙ ዳር ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ፣ በአህያም በሸክምም ነዶውን ወደ ቤት አወጣነው። ከሙቀቱ የተነሣ ሁላችንም በላብ ርሰናል። በላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ከተራራው በኩል ብቻ ደመናው ጠቁሯል።

የመጨረሻውን ሸክም እንዳወረድን አክስቴ ላሟ ከወንዙ ማዶ እንደታሰረች ትዝ አላት። ባለቤቷ፣ እኔ አባባ የምላቸው፣ “ተይው፣ እኔ አመጣታለሁ” አሏት።

“ደክሞሃል፤ ደረስ ብዬ ልምጣ” ብላ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ወረደች። ወንዙ ያን ጊዜ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ የሚሻገሩት ነበር።

ድምፁን ስሰማ የጭነት መኪና መስሎኝ ነበር። ሮጠን ስንደርስ ድፍርስ ውኃ ግንድ እያንከባለለ ወንዙን ሞልቶታል። ላሟ ማዶ ቆማለች። አክስቴ የለችም። እኛ ዘንድ አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደም፤ ዝናቡ የዘነበው ተራራው ላይ ነው። አባባ ሊገቡ ሲሉ ሦስት ሰዎች ይዘው አስቀሯቸው።

አስከሬኗ በማግሥቱ ከታች፣ አሸዋው ላይ ተገኘ። ለተዝካሯ የተጠመቀው ያ ያወጣነው ገብስ ነበር። አንድ ጉንጭ ቀምሼ ጽዋውን አስቀመጥኩት።

አባባ አሁን ደባርቅ፣ እኔ ቤት ናቸው። በገበያ ቀን የአገራቸው ሰዎች ሊጠይቋቸው ይመጣሉ።

“መቼ ነው የሚመለሱ?” ይሏቸዋል።

“እርሻ ሲደርስ” ይላሉ።

እርሻ ደርሶ አለፈ። እኔም የመመለሱን ነገር አላነሣሁባቸውም።