ኮሌታ የሌለው ተጋጣሚ

ኮሌታው የተሸረከተ ሸሚዝ ባየሁ ቁጥር ጌጡ ትዝ ይለኛል። ጎንደር ላይ አንድ ሰፈር አብረን ያደግን ጓደኛዬ ነው፤ በትግል የሚችለው አልነበረም። እኔ ደግሞ የትግሉ ሊቅ ነበርኩ። በከተማው ጁዶን ከእኔ ቀድሞ ያወቀ ልጅ የለም ብል አላጋነንኩም።

ያወቅሁትም ማንም ሳያስተምረኝ ነው። ፈረንጁ አስተማሪያችን ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶት የሄደውን ባለሥዕል የጁዶ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። አጣጣሉ ሁሉ አራት ክፍል ነበረው፦ በእጅ፣ በወገብ፣ በእግር፣ መጨረሻው አብሮ ወድቆ ሌላውን መጣል። ከትምህርት ቤት መልስ፣ የታጨደ ሣር በሚሸተው ሜዳ ላይ ጌጡን በቁጥር አሠለጠንኩት። «ሁለት» ስለው ኮሌታዬን ጨብጦ በወገቡ ያነሳኛል። እናቴ ያንን ኮሌታ ስንቴ ሰፋችው።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ሲመለስ በሆታ ከፊት የሚያጅበው የእኛ ሰፈር ይሁን ወይስ ከአምባ ጊዮርጊስ የመጡት ልጆች፣ በትግል ይለይ ተባለ። ጌጡ ከበዓሉ በኋላ ለእርሻ ወደ አጎቱ፣ ወደ ሳንጃ ሊሄድ ነው፤ አንድ ጊዜ እንኳ ከፊት ሆኖ መጨፈር ይመኝ ነበር።

የአምባ ጊዮርጊሱ ልጅ ቀጭን ነው። መሐል ሲገባ ሸሚዙን አውልቆ ለጓደኛው ሰጠ። ለካ የጥምቀት አዲስ ልብስ ለብሶ የሚታገል የለም፤ ይህን እኔ ሊቁ ረስቼው ነበር። ከዳር ሆኜ «ሁለት» አልኩ። የጌጡ እጅ የልጁ አንገት ላይ ሲንከራተት ቆየ።

«ምነው፣ ኮሌታ የለውም እኮ» አለኝ፣ ወደ እኔ ዞር ብሎ።

ያኔ ወደቀ።

ልጁን ከአራቱ በየትኛው ክፍል እንደጣለው ጠየቅሁት። «እኔ እንጃ» አለ፤ «ዞር ሲል ገፋሁት።» ያን ዕለት ደብተሬ ላይ አምስተኛ ክፍል ጨመርኩ፤ መጽሐፉን የጻፈው ፈረንጅ እንኳ አላሰበበትም።

የፊተኞቹ አቧራ እየሸፈነን ከኋላ አጀብን። መለያያችን ላይ ስንደርስ ጌጡ የአዲሱ ሸሚዜን ኮሌታ አፈፍ አድርጎ በወገቡ አዙሮ መሬት ላይ አስተኛኝ። ኮሌታው ተሸረከተ። አጣጣሉ ግን ልክ እንደ ሥዕሉ ነበር፤ እንከን ባወጣለት ደስ ባለኝ።

«ሁለት» አለና እጁን ዘርግቶ አነሳኝ። ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ዛሬ ሰፈራችን ጁዶ የሚማሩ ልጆች አሉ። ይጠይቁኛል፤ አስረዳቸዋለሁ፤ አሠልጣኛቸው የማያውቀውን ሁሉ አውቃለሁ። እነሱ ግን «አባባ» ብለው ጎንበስ እያሉ በሁለት እጃቸው ነው የሚጨብጡኝ። ኮሌታዬም ጠዋት እንደተተኮሰ ይመሻል።