ጤና አዳሙን የበሉት

ወንድሜ ከሞተ በኋላ፣ ከእሱ የቀረ በሕይወት ያለ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ በህንጻችን መግቢያ አጠገብ የተተከለ የጤና አዳም ቁጥቋጦ። ልብሱ አለ፤ የሥራ ጫማው አለ፤ ስልኩም መሳቢያ ውስጥ አለ። እነሱ ግን አያድጉም። ጤና አዳሙ ያድግ ነበር።

ስለዚህ የምጽፈው ስለ ጤና አዳሙ ነው። ስለ ወንድሜ ለመጻፍ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ወንድሜ ባገር ይነዳ ነበር። ባገር የምንለው መሬት የሚቆፍረውን ትልቁን ማሽን ነው። በረሆቮት ከተማ ዳር፣ ከሰፈራችን ከክርያት ሞሼ ብዙ ሳይርቅ፣ አሸዋና ድንጋይ የሆነ ትንሽ ኮረብታ ነበር። ሕንጻ ሊሠራበት ስለታሰበ ወንድሜ እንዲደለድለው ተላከ። አንድ ጧት የማሽኑ ጥርስ አንድ ቁጥቋጦ ሲነካ ሽታው እተቀመጠበት ድረስ መጣ።

«መጀመሪያ እማዬ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ» ብሎ ነገረኝ።

እናቴ ሁልጊዜ ጤና አዳም ጤና አዳም ትሸታለች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዘዋለች፤ ለራስ ምታት ታሸትተዋለች፤ ቡዳ ያለበት ነው ብላ የምትጠረጥረው ቤት ስንሄድ ደግሞ አንድ ዘለላ በኪሴ ትከትልኛለች። ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። የሥራው አለቃ ከታች ሆኖ «ያላ! ያላ! ምን ሆንክ?» እያለ ይጮኽበታል። እሱ «ቤሰደር፣ እሺ፣ መጣሁ» ይላል፤ አይመጣም። በኋላ ተመልሶ ወጣና በማሽኑ ትልቅ ባልዲ ቁጥቋጦውን ከነአፈሩ፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያነሱት አድርጎ አንስቶ ዳር አስቀመጠው። ማታ በጓደኛው መኪና ጭኖ አመጣው።

እናቴ ስታየው ማመን አቃታት።

«ከየት አመጣኸው?»

«እዚሁ ነው፣ ከመንገዱ ማዶ።»

«አትቀልድብኝ። ጤና አዳም እዚህ አገር አይበቅልም።»

«በቅሎ አገኘሁት እኮ፣ እማዬ። ማንም አልተከለውም።»

እናቴ ልጅ ሆና ነው ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር የመጣችው። ከዚያ ጀምሮ ጤና አዳም የምታገኘው ከሱቅ ነበር። ቅጠሉን በጣቷ አሸት አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ፣ «እና እኔ ይኸን ሁሉ ዓመት በፌስታል ስገዛ፣ እሱ እዚያ ማዶ ቆሞ ያየኝ ነበር?» አለች። ወንድሜ እስኪያስለው ሳቀ።

ስንተክለው ከቅጠሉ ሥር አንድ ትል አገኘሁ። አረንጓዴ ነው፤ በላዩ ጥቁር መስመር አለው፤ መስመሩ ላይ ደግሞ ብርቱካንማ ነጠብጣብ። ልጥለው ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ።

«ተወው። ቤቱን አፍርሼበት እሱንም ልግደለው?»

«ሌላ ጤና አዳም እዚያ አልነበረም?» አልኩት።

«ነበረ» አለኝ። «ብዙ ነበረ።»

ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ፋሲካ እንዳለፈ፣ ጧት እሱና የሥራ ጓደኞቹ ወደ ሥራ ሲሄዱ መኪናቸው ተጋጨ። ሌሎቹ ተረፉ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

በለቅሶው ሰባት ቀን ሰው ደረጃውን ሞላው። ከየከተማው ዘመድ መጣ፤ ቄሶቹም መጡ። በለቅሶ ራሱን ያዞረው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣና ከጤና አዳሙ ቀንጥሶ እያሸተተ ይመለሳል። እናቴም «ቁረጡ፤ እሱ ነው የተከለው» ትላቸው ነበር። ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ቁጥቋጦው ላይ ቅጠል ከጫፉ በቀር አልነበረም። ሁሉም ሄደ። ቤቱ ውስጥ እኔና እናቴ ቀረን። አንዳንድ ቀን ሳንነጋገር ይመሽ ነበር። እሷ ወጥ ቤት፣ እኔ ከወንድሜ ጋር እንተኛበት በነበረው ክፍል። የእሱ አልጋ ተነጥፎ አለ።

ጤና አዳሙ ግን በበጋው ተመልሶ ቅጠል አወጣ። እናቴ ከወንድሜ ልጅነት የቀረውን የሕፃን አልጋ ፍርግርግ ከመጋዘን አውጥታ ዙሪያውን አጠረችው። ጧት ከእኔ በፊት የምታየው እሱን ነበር። በፀደይ ቢጫ አበባ ሲያወጣ፣ «ለአዝካራው ይደርሳል» አለች። አዝካራ የምንለው የሙት ዓመቱን መታሰቢያ ነው። የሚመጣው ሰው ሁሉ ልጇ ከተከለው አንድ ዘለላ ይዞ እንዲሄድ ፈልጋለች። ሌላ የምትሰጠው ነገር አልነበራትም።

አዝካራው ሲቃረብ አንድ ጧት ከታች ጩኸቷን ሰማሁ።

«አንተ ልጅ! ና ውረድ! ኧረ በሉት!»

ወረድኩ። ጫማዋን በእጇ ይዛለች። ቁጥቋጦው ላይ ትሎቹ ሞልተዋል። ያው የዚያን ጊዜው ዓይነት፤ አረንጓዴ፣ ጥቁር መስመር፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ። ፀጉር የላቸውም፤ እንደ አባጨጓሬ አያቃጥሉም። ዝም ብለው ይበላሉ።

«እማዬ፣ አትምቻቸው።»

«የልጄን ተክል እየበሉ አልመታቸው?»

«እሱ ነው አትግደለው ያለኝ። ስንተክለው አንድ ነበረበት። ቤቱን አፍርሼበት እሱንም ልግደለው ወይ አለኝ።»

እናቴ እጇ ወረደ። ጫማውን መሬት አስቀምጣ እግሯን ሳታስገባ ቆመች።

«እንዲህ አለ?»

«አዎ።»

«ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?»

ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ የሚነገረውን ሁሉ ሰምታ ጨርሳ ነበር። ይኼ አዲስ ነበር። ደግሜ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ደግሜ ነገርኳት።

ቢሆንም ቅጠሉ እያለቀ ነው። ትምህርት ቤት ሄጄ የባዮሎጂ መምህሬን ጠየቅኳት። ይኼ ትል ትልቅ ቢጫ ቢራቢሮ እንደሚሆን፣ እንስላልም እንደሚበላ ነገረችኝ። እንስላል በሰፈራችን ባዶ ቦታ ሁሉ ይበቅላል። ተመልሼ ትሎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ በሳህን አድርጌ ወስጄ እንስላል ላይ አስቀመጥኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለቱንም ያዳንኩ መሰለኝ።

በማግስቱ ሳያቸው አልበሉም። ገሚሶቹ ጉንዳን ወስዷቸዋል። የቀሩት ጭንቅላታቸውን ደፍተው ግንዱ ላይ ተለጥፈዋል። በጤና አዳም የጀመረ ሌላ አይቀምስም ማለት ነው፤ ወይም እኔ ቸኩዬ ይሆናል። መልሼ ወሰድኳቸው። እናቴ በር ላይ ቆማ ሳህኑን አየች።

«መልሰህ አመጣህብኝ?»

«አልበሉም።»

«አየ፣ መራጮች ናቸው።» አንዱን በጣቷ ነካችው። ትሉ ራሱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ከአንገቱ ሹካ የመሰለ ብርቱካንማ ቀንድ ብቅ አደረገ። ከቀንዱ መጥፎ ሽታ ወጣ፤ የጤና አዳም ሽታም ያለበት። እናቴ እጇን ሰብስባ ወደ ኋላ አለች። ከዚያ ሳቀች። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ መጀመሪያ ስትስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

«አየኸው? እንደኛው ነው! ጤና አዳሙን ይዞ ቡዳ ያባርራል!»

ለመምህሬ በኋላ ስነግራት እናቴ እንዳልተሳሳተች ነገረችኝ። ተክሉ ማንም እንዳይበላው ራሱን መራራ አደረገ። ይኼ ትል ምሬቱን ለመደ፤ ለምዶም ወፍ የሚያባርርበት አደረገው። ሌሎች የሚሸሹትን ቅጠል ቤቱ አደረገው። እኔ ግን ያን ጊዜ የሰማሁት የእናቴን ሳቅ ብቻ ነው።

«በል መልሳቸው» አለች። «እሱ ከማራቸው እኔ ማን ነኝ?»

መለስኳቸው። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ። ተክሉ ቢደርቅ የእኔ ቃል ነው ያደረቀው። ትሎቹ ቅጠሉን ጨረሱ፤ አበባውን ጨረሱ፤ ዘር የሚሆነውንም ጨረሱ። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖር አሮጊት በመስኮት ሆና ታሾፍብን ነበር።

«እናንተ ትል ቀላቢዎች! በግ አርብታችሁ ቢሆን እኮ ለአዝካራው ይታረድ ነበር!»

አዝካራው ሲደርስ ግንድና ቅርንጫፍ ብቻ ቆሞ ነበር። ከማርሞሬክ ሰፈር የመጣችው አክስቴ እንደ ልማዷ ልትቀነጥስ እጇን ዘረጋች፤ እንጨት ጨበጠች።

«ውይ፣ ደረቀ እንዴ?»

«አልደረቀም» አለች እናቴ። «ተበላ።»

«ምን በላው?»

«እንግዳ።»

ከዚያ ጎንበስ ብላ አንዱን ቅርንጫፍ ቀጭ አድርጋ ሰበረችና ሰጠቻት። «ለማሽተት አይሆንሽም። ትከይው።» ለቀጣዩም ሰጠች። ለቀጣዩም። ሰው ሁሉ በፌስታል እንጨት ይዞ ሄደ። እኔ ዳር ቆሜ ነደደኝ። ሲመሽ የቀረው ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለ ጉቶ ነበር።

«ምን ቀረው አሁን? ትሎቹ እንኳ እንጨቱን ትተውት ነበር!» አልኳት።

«ሥሩ ቀርቷል።»

«ሥሩ ብቻ!»

«ስማኝ ልጄ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር በአንድ ጧት ያልቃል።» ነጠላዋን ወደ አፏ አደረገች። ያልጨረሰችውን ሰማሁት።

ሌሎቹ ትሎች ወደየሚሄዱበት ሄደው አንድ ቀርቶ ነበር። በልቶ ጠግቦ የሕፃን አልጋው ፍርግርግ ላይ ወጣና በቀጭን ክር ወገቡን አሰረ። ሌሊቱን ቆዳውን ጥሎ ደረቅ ቅጠል የመሰለ ቅርፊት ሆነ። ትሉ ቢራቢሮ እስኪሆን የሚቆይበትን ይኼን ቅርፊት ትምህርት ቤት ጎለም ነው የምንለው። የፍርግርጉን እንጨት ነቅዬ ወደ ክፍላችን ወሰድኩትና በወንድሜ አልጋ በኩል ባለው መስኮት አቆምኩት። በየቀኑ አየው ነበር። ምን እንደምጠብቅ ለማንም አልተናገርኩም። ቢጫ ነገር እንዲወጣ። በክፍሉ ውስጥ እንዲበር። ሌላም እፈልግ ነበር፤ እሱን አልጽፈውም።

አንድ ጧት ቅርፊቱ ላይ ክብ ቀዳዳ አየሁ። ቢራቢሮ አልነበረም። መስታወቱ ላይ አንድ ተርብ ይሄድ ነበር፤ ቀጭን፣ ጥቁር፣ እግሩ ቀላ ያለ።

ፎቶውን ለመምህሬ አሳየኋት። ተርቡ እንቁላሉን ትሉ ውስጥ እንደሚጥል፣ ልጁ ትሉን ከውስጥ በልቶ እንደሚያድግ ነገረችኝ። ገና እንስላል ላይ ሳለ ወይም ከዚያ በፊት ተወግቶ ይሆናል። እኔ የጠበቅኩት ጊዜ ሁሉ ውስጡ ቢራቢሮ አልነበረም ማለት ነው።

«ገደለው እኮ» አልኳት።

«ገደለው። ግን ቢራቢሮው ከሌለ ይኼ ተርብም የለም። ተክሉ ከሌለ ሁለቱም የሉም። ከየት ነው ያመጣችሁት?»

ኮረብታውን ነገርኳት። «እዚያ አሁን ምን ቀረ?» አለች። አላውቅም ነበር። ወንድሜ ከሞተ ሄጄ አላውቅም።

ከትምህርት ቤት ስወጣ በእግሬ ሄድኩ። የቆርቆሮ አጥር አለ። በክፍተቱ አየሁ። ኮረብታ የለም። ሲሚንቶ፣ ብረት፣ የቆሙ መኪናዎች። አንድ አረንጓዴ ነገር ፈልጌ አጣሁ። «ብዙ ነበረ» ሲለኝ ለምን ዝም እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ። የጠረገው እሱ ነው። ያን ሁሉ ጤና አዳም፣ በላዩ ያሉትን ትሎች፣ ትሎቹን የሚጠብቁትን ተርቦች። ሥራው ነበር። አንዷን ብቻ ማንሳት ቻለ፤ ከእሷ ጋር ሳያውቅ ሁሉንም ትንሽ ትንሽ አመጣ። ይኼን ብነግረው ደስ ይለው ነበር። የምነግረው ሰው እሱ ብቻ ነበር።

ቤት ስገባ ተርቡ አሁንም መስታወቱ ላይ ነው። ጫማ አላነሳሁም። የወንድሜ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሊመሽ ሲል መስኮቱን ከፈትኩለት። ሄደ። ደስ አላለኝም። ግን ከፈትኩለት።

አሁን ወደ ጦር ሠራዊት ልገባ ትንሽ ቀርቶኛል። ከጉቶው ትንንሽ ቀንበጦች ወጥተዋል፤ ይኖር እንደሆነ ገና አልታወቀም። ማታ ማታ በክርያት ሞሼ ብቻዬን እዞራለሁ፤ ወደ በረንዳዎች አያለሁ። አንዳንዱ ቆርቆሮ ውስጥ ከአዝካራው የተወሰደው እንጨት ደርቆ ቆሟል። አንዳንዱ አቆጥቁጧል።

ባለፈው ሳምንት፣ ምድር ቤት ባለ አንድ በረንዳ ላይ፣ አንዲት ባልቴት ከቆርቆሮ ላይ ጎንበስ ብለው አየሁ። ጫማቸውን በእጃቸው ይዘዋል።

«እማማ! አይምቱት!»

ቀና አሉ። «ማነህ አንተ? የማን ልጅ ነህ?»

እንዲህ ሲጠይቁኝ የእናቴን ስም ጠርቼ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ግን አልጠራሁትም።

«ባገር ይነዳ የነበረው ልጅ … የእሱ ወንድም ነኝ።»

ጫማቸው ወደ ታች ወረደ። ቆርቆሮውን አዩት፤ እኔን አዩኝ።

«ይኼን እናቱ ናት የሰጠችኝ» አሉ። «የተከለው እሱ ነው አለችኝ። እውነት ነው?»

«አዎ» አልኳቸው። «እሱ ነው።»

«በል ግባ እንግዲህ። ይኼ ትል የሚበላው ምን እንደሆነ አሳየኝ» ብለው በሩን ሊከፍቱልኝ ሄዱ።