ረቡዕና ዓርብ የሚሞቀው ክፍል

ታቦር ሠፈር ባለው የመድኃኒት መጋዘን የሙቀት መመዝገቢያውን የተከልኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ሽማግሌውን ዘበኛ ከሥራ ሊያስባርራቸው የደረሰው ግራፍም የእኔው ነበር። ረቡዕና ዓርብ፣ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ፣ ቀዝቃዛው ክፍል በሁለት ዲግሪ ይሞቃል ይላል። በሌሎቹ ቀናት ምንም የለም።

የመጋዘኑ ኃላፊ ምስጢሩን ቁጭ ብላ ፈታችው። ከሠራተኛው ሁሉ የማይጾሙት አባባ ዘበኛው ብቻ ናቸው፤ ፕሮቴስታንት ናቸው። "እኛ ፊት መብላት ያፍራሉ" አለች። "ስለዚህ ምሳቸውን ይዘው ቀዝቃዛው ክፍል ይገባሉ።"

ዛሬ ያስቀኛል። ያን ጊዜ ግን አመንኳት፤ ባትሪ ይዤ ከመድኃኒት ካርቶኖቹ ሥር የዳቦ ፍርፋሪ ፈለግሁ። አባባ "በሩን አልከፈትኩም" ቢሉ ቢሉ ሰሚ አጡ። የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ በሁለተኛው ይሰናበታሉ። በዚያ ዕድሜ ሌላ ሥራ ማን ይሰጣቸዋል?

ፍርፋሪውን ሳጣ እልህ ያዘኝ። ዓርብ ዕለት ጋቢ ደርቤ፣ ላፕቶፔንና የብርጭቆ ቴርሞሜትር ይዤ ክፍሉ ውስጥ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ላፕቶፑ ሞቀ አለ። ቴርሞሜትሩ ንቅንቅ አላለም፣ የእኔ ጥርስ ደግሞ ይንገጫገጫል። እንግዲያው ዋሾው መሣሪያዬ ነው። ሙቀት የሚለካው ሽቦ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ በጣም ጥቂት ስለሆነ፣ የአንድ ሚሊቮልት አንድ ዐሥረኛ እንኳ ያልሞላ ስህተት ሁለት ዲግሪ ያሳስታል። ገመዱን ቀየርኩ፣ መመዝገቢያውን ቀየርኩ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ተናድጄ ከነላፕቶፔ ወጣሁና "አባባ፣ ምሳዎን እዚሁ ፊቴ ይብሉልኝ፤ ቢያንስ በእርስዎ አያሳብቡም" አልኳቸው። እየተሳቀቁ በሉ። ከዚያ ግቢው ውስጥ ካለችው ቧንቧ እጃቸውንም ሳህናቸውንም አለቀለቁ። ትንሽ ቆይቶ ላፕቶፑ ላይ ቁጥሩ ወረደ።

ወደ ቧንቧዋ ሄጄ የረሰበውን መሬት አየሁ። ከቧንቧዋ ሥር የኧርዝ ዘንጋችን ተቀብሯል፤ በመሣሪያው ዙሪያ የሚባዝነውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚሸኘው እሱ ነው፤ የሚሸኘው ግን አፈሩ ሲርስ ነው። በሌላው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ እዚያ እጁን ይታጠባል። ረቡዕና ዓርብ ጾመኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምስም። አባባም ላለመታየት ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ በልተው በጀሪካን ይታጠባሉ፤ በዚያ የበጋ ፀሐይ አፈሩ ክው ብሎ ይደርቃል። ያን ሁሉ ጊዜ መሣሪያዬ ሲመዘግብ የከረመው ሙቀት ሳይሆን ጾም ነበር።

ኃላፊዋ ማስጠንቀቂያውን ሰርዛ በምትኩ ሌላ ደብዳቤ ጻፈች፦ ዘንጉ እንደገና በጥልቀት እስኪቀበር ድረስ የጥበቃ ሠራተኛው በየቀኑ ረፋድ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ብረቱን እንዲያጠጡ። ማኅተምም ተመታበት።

ሰኞ ስመጣ አባባ ባዶ ባልዲ ይዘው ቧንቧው አጠገብ ቆመዋል።

"ልጄ፣" አሉኝ፣ "ለዚህ ብረት ብለህ ብርድ ውስጥ ተቀመጥክ። እኔ አልከፈትኩም ስልህ ግን ፍርፋሪ ፈለግህ።"

አፈርኩ፤ አሁንም ሳስበው አፍራለሁ። ባልዲውን ተቀብያቸው ውሃ ቀዳሁ።