አምስቱ ቅመሞችና የእናቴ ሙቀጫ

ዛሬ ጠዋት ሰበታ ባለችው ምግብ ቤቴ ምስር ላይ ልነሰንስ የቅመሙን ብልቃጥ ስከፍት፣ ያ የቀረፋና የእንስላል ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ማንኪያውን እንደያዝኩ በሐሳብ ጭልጥ አልኩልህ።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። እዚሁ ሰበታ፣ አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ለቻይናዎቹ ሠራተኞች ምግብ የምታበስል ቻይናዊት ነበረች፤ እኔ ረዳቷ ነበርኩ። የአሳማ ስጋው ላይ አንድ ቡናማ ዱቄት ትነሰንሳለች፤ አምስት ቅመም አንድ ላይ የተፈጨ ነው። ማታ ሽታውን በነጠላዬ ተሸክሜው ቤት እገባ ነበር።

ቤት ደግሞ እናቴ አለች። ገበያ ቅመም ስትሸጥ የኖረች፣ እኔ የሠራሁትን ወጥ ሳትተች የማትውጥ ሴት ነበረች። አባቴ ሲሞት ግን ሙቀጫዋን ደጅ ደፋችው። እህል አስጠላት፣ ወሬም ተወች። እውነቱን ልንገርህ፣ እሷም ልታመልጠኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

አንድ ማታ ከዱቄቱ ጥቂት ለምኜ አመጣሁና አፍንጫዋ ስር አደረግኩላት። ቅንድቧ ተነሳ። ደስ ብሎኝ ምስሩ ላይ ልጨምር ስል እጄን ያዘችኝ። ሁዳዴ ነበር።

«አሳማ የነካ ማንኪያ ገብቶበታል፤ አልቀምስም» አለች።

በማግስቱ ነገሩን በምልክትም በአማርኛም ለቻይናዊቷ አስረዳኋት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ካልተከፈቱ ከረጢቶች ያልተፈጩትን ቅመሞች አወጣችና በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለችልኝ።

«እማማ ራሷ ትውቀጥ» አለች፣ በዚያ ስብርብር አማርኛዋ።

እናቴ ወረቀቱን ጭኗ ላይ ፈታችው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ እንስላል፣ ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ፍሬ እያለች ለየች። ኮከብ የመሰለው ደረቅ ፍሬ ላይ ስትደርስ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችውና «ኩን ማሊ?» አለች፤ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ ነው። ኦሮምኛ ከአባቴ ጋር ነበር የምታወራው፤ ከቀብሩ ወዲህ ካፏ ሰምቼው አላውቅም።

እኔም አላውቀውም አልኳት። ተነሳች፣ ሙቀጫውን ከደጅ አስገብታ አጠበች፣ ቅመሙን አመስ አመስ አደረገችና መውቀጥ ጀመረች። ድምፁን የሰማች ጎረቤታችን በበሩ ብቅ ብላ አየቻት፤ እንባዋን ጠርጋ ተመለሰች።

ምስሩን ሠራሁ። እናቴ አንዴ ጎረሰች፣ አላመጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ። ከዚያ የሚጥም ቃል ከየት ይመጣል?

ቻይናዊቷ አገሯ ከገባች ቆየች፤ ስትሄድ እናቴ በርበሬ ቋጥራ ሰጥታታለች። እናቴም አርጅታለች፣ ዘነዘናውን ማንሳት አትችልም፤ ምግብ ቤቴ ጥግ ፀሐይ እየሞቀች ትውላለች። ምስሩን መጀመሪያ የምትቀምስልኝ እሷ ናት። የእሷን ሳህን ሳወጣ ሁልጊዜ ጨዉን አሳንሳለሁ፤ «ያንሰዋል» እንድትለኝ ብዬ።